ማንጠግቦሽ ያልደገሰችው ተዝካር

፩

ያን ጠዋት ቢላዋ ሲሳል ሰማሁ። ከአንድ ቤት አይደለም። ከየቤቱ።

ጥር ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ማንጠግቦሽ ከገጠር በጎቿን እየነዳች መጣች። ከበጎቹ አፍ እንፋሎት ይወጣል፤ እሷ ከኋላ፣ በትሯን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ እንደ ወትሮዋ ግራ ቀኝ ሳታይ ትራመዳለች። ሰው በየበሩ ወጥቶ ቆመ። አንዱ ያ ቀንዳሙ ሙክት ብቻውን አንድ ድንኳን ሰው ያጠግባል አለ። አንዷ ደግሞ ቆዳውን ለእኔ ብላ ከወዲሁ ለመነች።

ተዝካሩ ደረሰ።

የቁም ተዝካሯ ማለቴ ነው። «ስሞት ማን ያስበኛል» የሚል ሰው በሕይወቱ ሳለ ለራሱ የሚደግሰው ድግስ። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የሌለው ሰው ያደርገዋል። ማንጠግቦሽ ልጅ የላትም፣ ገንዘብ አታወጣም፣ ዕድሜዋ ገፍቷል። ስለዚህ ለምን እንደምትቆጥብ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

እሷ ብቻ አታውቅም።


፪

እኔ ደብሪቱ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ከአንድ ጎረምሳ አስተማሪ ጋር እየተጨቃጨቅኩ። እሱ «ሀ በሉ» ይላል፣ እኔ «አንተ በል፣ ደመወዙ ያንተ ነው» እላለሁ። ሁለታችንም ጨረስን።

ነገሩን በቁጥር የቆራረጥኩት፣ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ቃል ስፈልግ እርሳሴ ስለሚያልቅ ነው። በቁጥሮቹ መሃልና ከመጨረሻው ቁጥር በታች ያለው ባዶ ቦታ የአንባቢ ነው። ተቀመጡበት።

ያማረ ጽሕፈት የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ።


፫

ማንጠግቦሽ መነኻሪያ በር ላይ አሹቅ ትሸጣለች፤ የተነከረና የተቀቀለ ባቄላ ነው፣ በጨው የሚበላ። መንገደኛው በአውቶቡሱ መስኮት እጁን ያወጣል፣ እሷ ትሰፍራለች። መስፈሪያዋ የቲማቲም ጣሳ ነው። እስከ አፉ ትሞላዋለች፤ ምራቂ ግን አትጨምርም። ምራቂ የሚጠይቃትን ሰው «አንተስ ከዋጋው በላይ ጨምረህልኛል?» ትለዋለች።

እኔና እሷ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተከራይተን ኖረናል። ስታስነጥስ ከዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ። የግቢያችን ባለቤት መስከረም ሲጠባ በየዓመቱ ይጠይቀናል። ሌላው ሰው አበባ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ጭማሪ ኪራይ ይዞ።

እኔ ልጅ አለኝ፣ አዳማ ነው የሚሠራው። በየወሩ ይልክልኛል። የተባረከ ልጅ ነው። ቢሆንም ወሩ ሲያልቅ ስልኬን ከእጄ አላወርድም፤ ገንዘቡ ሲዘገይ የምጨነቀው ለልጄ ጤና ነው እላለሁ፣ ሆዴ ግን እውነቱን ያውቃል። ኩሩ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። በሰው እጅ መኖር ከተባረከ ልጅ እጅም ቢሆን ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁ፣ የማንጠግቦሽን ነገር አታውቁትም።


፬

ልብስ ስናሰጣ ጠየቅኳት።

«ይህን ሁሉ ቆጥበሽ ምን ልታደርጊው ነው?»

ነጠላዋን ጨመቀች። ስትጨምቅ ውኃው መሬት አይነካም፤ ባልዲው ውስጥ ነው የምትጨምቀው፣ ነገ ቤት ትወለውልበታለች።

«ሦስት ክፍል ቤት» አለች። «አንዱን ልተኛበት፣ ሁለቱን ላከራይ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጬ እጄን እንዳልዘረጋ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ተዝካር የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ ሰፈሩ ተዝካሩን ከየት አመጣው?

ከሆዱ።


፭

እንደ ማንጠግቦሽ እሳት ለማንደድ፦

እሳት ከመለኮስሽ በፊት ጎረቤትሽ ለኩሳ እንደሆነ እዪ። ለኩሳ ከሆነ ፍም ለምኚ። ፍም ልትለምኚ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ወሬ ይዘሽ ሂጂ፣ ወሬ አይገዛም። ባቄላው እስኪፈላ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኚ። ሲፈላ እሳቱን ከሥሩ አውጪና ድስቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ያወጣሽውን ፍም አመድ አልብሺው። ነገም ከሰል ነው።

አሁን ሳቂ። እኔም ስቄያለሁ።

የእኔ ከሰል አልቆ የእሷ ጆንያ ግማሹ ሲተርፍ ሳየው ነው ሳቄን ያቆምኩት።


፮

ሰዎች የሚሉት፦

በፀሐይ ቀን ጥላዋን ታከራያለች።

ስትስቅ አፏን በግማሽ ነው የምትከፍተው፣ ጥርሷ እንዳያልቅ።

ስሟን ያወጡት ወላጆቿ ምን ያህል ቢወዷት ነው፤ ማንጠግቦሽ! እኛስ ጠግበናታል።

ሰዎች የማይሉት፦

በጎች አጥር ታከው ሲያልፉ እሾሁ ላይ ሱፍ ይቀራል። ይህን ሱፍ ሁላችንም ስናየው ኖረናል። እሷ ለቀመችው። ከአጥር አጥር እየዞረች ዓመት ለቀመች፣ ክረምቱን ሙሉ ፈተለችው፣ ሸማኔ ዘንድ ወሰደችው። ሸማኔው ክሩን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ከየት ነው የገዛሽው አላት። አሁን የምትለብሰው ባና እሱ ነው። ሦስት ብርድ ልብስ እላዬ ላይ ቆልዬ ስንቀጠቀጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ እሷ በእሾህ ሱፍ ታንኮራፋለች።


፯

ስስታም ናት ወይ?

ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ልጄ አልሰማም፣ እኔም አልነገርኩትም። ማንጠግቦሽ የበግ አጥንት ገዝታ ቀቅላ አመጣችልኝ። እሷ አጥንት ለራሷ ስትገዛ ያየ ሰው የለም። ቀና አድርጋ በማንኪያ አጠጣችኝ፣ ግንባሬን ዳበሰች፣ ተነስቼ ደጅ እስክወጣ ድረስ አሹቋን ትታ ተመላለሰች።

ድስቷን ግን የዚያኑ ዕለት መልሳ ወሰደች።

ስስታም ከሰው ይነፍጋል። እሷ የነፈገችው ራሷን ነው። ልዩነቱ የማይገባው ሰው ካለ፣ ታሞ ይሞክረው።


፰

አንዴ ሌባ ቤቷ ገባ። የሚቆጥብ ሰው ገንዘብ ይደብቃል ብሎ ነው። ሳጥኗን ፈለጠ፣ ፍራሿን ቀደደ። ያገኘው አንድ ቀሚስና ጥቂት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱን እንኳ አልነካም፤ አዝኖላት ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘብ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ እንደሚከሳ ያስተማራት የለም። የባቄላ ዋጋ ነው የነገራት። ስለዚህ ትንሽ ባጠራቀመች ቁጥር አንዲት እናት በግ ትገዛና ገጠር ላለ ገበሬ ትሰጣለች። የርቢ ይባላል፤ ገበሬው ያረባል፣ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። እሱ ሣር አለው በግ የለውም፤ እሷ በግ አላት ሣር የላትም። ግልገል እናት ሆነ፣ እናቷ ደገመች። በድርቁ ዓመት ብዙ ሞተው እንደ ገና ጀምራለች፤ ያን ጊዜ አንድ ሳምንት ሰው አላናገረችም፣ ከዚያ ጣሳዋን ይዛ መነኻሪያ ወጣች።

እኛ ድሃ ናት ስንል፣ ሀብቷ ጋራ ላይ ሣር ይግጥ ነበር።


፱

አሁን ስለ ድግሱ እውነቱን ልናገር። ማንጠግቦሽ የሰው ድግስ ትበላለች። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ ማኅበር፤ የቀረችበት የለም። እሷ ደግሳ ግን አታውቅም።

ሌላ ሴት ብትሆን በአሽሙር ይገድሏት ነበር። እሷን ታገሧት። የእሷ ተራ ለቁም ተዝካሩ ይጠራቀም፣ ያን ቀን አንድ ላይ እንበላዋለን ተባባሉ። ፊቷ ላይም ይሉታል። እሷ ሰምታ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷን እሺ ማለት አደረጉት። እኔም ዝም አልኩ፤ የሰውን ሐሳብ ገበያ አላወጣም።

ዓመት ዓመትን ወለደ። በሰዉ ሐሳብ ድግሱ እየሰፋ ሄደ። በግ የነበረው በሬ ሆነ።


፲

ከገና በኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር ከልጆቹ ጋር ሊኖር ቤቱን ሊሸጥ ነው ተባለ። የጭቃ ቤት፣ ሦስት ክፍል፣ ጓሮው ውስጥ ውኃ ያለው። ማንጠግቦሽ ሄዳ ግድግዳውን በጡጫዋ መታ መታ አደረገችው፣ ጣሪያውን አንጋጣ አየች፣ ሦስት ቀን ተከራከረችው። መምህሩ ደከመው። እስከ ጥምቀት ከፍለሽ ካልጨረስሽ ለነጋዴ እሰጠዋለሁ አላት።

የጥምቀት ሰሞን በግ ይፈለጋል። ገጠር ወርዳ ድርሻዋን ሰብስባ አመጣች። ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሰፈራችን መሃል ነው የሚያልፈው።

ቢላዋው የተሳለው ያን ጠዋት ነው።

የእድራችን ዳኛ አቶ ይርዳው ነው። በጎቹን ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ የእድሩን ድንኳን አስወጥቶ አሳጠበ። ጎላ ድስቶቹን አስፈተገ። ሴቶች ጌሾ ሊወቅጡ ተነሡ።

በጎቹ አለፉ።

በየበሩ አለፉ። በይርዳው በር አለፉ። በእኛ ግቢ በር አለፉ። መታጠፊያውን ዞረው ወደ ገበያው ወረዱ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ መኪና ላይ ተጫኑ።


፲፩

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የእድሩ ስብሰባ። ቃል በቃል፦

ይርዳው፦ እህት ማንጠግቦሽ፣ በጎቹ የት ደረሱ?

ማንጠግቦሽ፦ አዲስ አበባ።

(አንድ ሰው ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው።)

ይርዳው፦ ገንዘቡስ?

ማንጠግቦሽ፦ ቤት ገዛሁበት።

ይርዳው፦ ተዝካሩስ?

ማንጠግቦሽ፦ የማን?

ይርዳው፦ ያንቺ ነዋ።

ማንጠግቦሽ፦ እኔ አልሞትኩም።

ከኋላ የተቀመጠች ሴት፦ ድንኳኑን እኮ አጥበነዋል።

ማንጠግቦሽ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ቆሽሾ ነበር።

ይርዳው፦ የሰው ድግስ ስትበይ አይደለም ወይ የኖርሽው?

ማንጠግቦሽ፦ በልቻለሁ።*

እኔ፦ ድስቱን ማን ሲያጥብ ኖረ? ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ ሲወጣ ጓዳ የሚቀረው ማን ነበር? ይርዳው፣ የእናትህ ተዝካር ዕለት ያን ጎላ ውስጡ ገብታ የፈገፈገችው ማን ናት?

ይርዳው፦ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አልተጠየቁም።

እኔ፦ ስላልጠየቃችሁ ነው የምናገረው።

(ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ያውቃሉ። ጓዳ የነበሩት እነሱ ናቸው።)

ማንጠግቦሽ፦ ስለ ፍትሐቴ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ነፍሴን ፈጣሪዋ ያውቅባታል። ጉልበቴን ግን ለማን ልተወው?

*በላች። ደግሞም ደገመች። ቤቷ ጨው ብቻ ስለነበረ ነው።


፲፪

ይርዳው የእድሩን መዝገብ ከፈተ። መልሶ ዘጋው።


፲፫

ያን ጊዜ የይርዳው ድምፅ ወረደ። ስናውቀው የሚጮህ ሰው ነው።

«እኔ የእናቴን ተዝካር ለማውጣት ግማሽ ግቢዬን ሸጫለሁ» አለ። «ሁለት በሬ ጥዬ ይህን ሰፈር አብልቻለሁ። ዕዳውን ስከፍል ልጄ ትምህርቷን አቋረጠች። ይቺ ሴት ልክ ከሆነች፣ እኔ ምን ልባል ነው?»

ምላሴ ስለት ነው ይላሉ፤ ያን ዕለት ግን ነጠላዬን ማጣፋት ያዝኩ።

ልጁ መነኻሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነው የምትሠራው። አውቃታለሁ።


፲፬

ከእድሩ ሊያስወጧት አልቻሉም። መዋጮዋን አንድ ወር አላጎደለችም፣ ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ይርዳው ግን ስብሰባውን ሲዘጋ ይህን አለ፦

«እድር ሬሳ ይሸከማል እንጂ አልጋ አይሸከምም።»

ሰው ቤት ሲቀይር የሰፈሩ ወንድ ተሰብስቦ ዕቃ ያግዛል። ማንም አይሄድም ማለቱ ነው። የተነገረው ይህ ነው። ያልተነገረውንም ሁሉም ሰምቷል። አልጋዋን ያልተሸከመ ሰፈር፣ ቀኑ ሲደርስ ሬሳዋን ከልቡ ይሸከማል ወይ?

ወደ ቤት ስንመለስ ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። ከግድግዳው ወዲያ ስትቀመጥ ሰማሁ፣ ስትነሳ ሰማሁ፣ እንደገና ስትቀመጥ ሰማሁ።

«ደብሪቱ» አለችኝ በግድግዳው።

«እህ።»

«ብደግስ ይሻል ነበር?»

የሚሻለውን የነገርኳት በስድብ ነው። እዚህ አልጽፈውም።


፲፭

ቤት የምትቀይርበት ቀን መጣ። ማንም አልመጣም።

ጋሪ እንከራይ አልኳት። ባለ ጋሪው የጠየቀው የአንድ ቀን የአሹቅ ገቢዋን ነው።

«ለዚች መንገድ?» አለች።

አደነቅኳት ብዬ አልዋሽም። ሳጥኑን፣ ድስቱን፣ የተረፈውን ከሰል ተመላልሰን ወሰድን። እያንዳንዱን ምልልስ ሰው በመስኮት ያየናል። አንዷ መጋረጃዋን መልሳ ጣለች። አንዱ ጎረምሳ ሊነሳ ሲል አባቱ በዓይኑ አስቀመጠው።

አልጋው ቀረ።

የጠፍር አልጋ ነው፣ የድሮ እንጨት፤ የሠራው ሰው እንደማይንቀሳቀስ አድርጎ ነው የሠራው። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ ያዝነው። ሁለት አሮጊቶች። ከበሩ ሲወጣ ግራ ክንዴን ልጦኛል።

«ያ ባለ ጋሪ» አልኩ።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለች።

ተራመድን። መንገዱ መሃል ስንደርስ ጉልበቷ እምቢ አለ። ያ የምትሳሳለት ጉልበት። አልጋውን አወረድነው። ቦታውን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ቀና ስል የቆምነው ይርዳው በር ላይ ነው።

ምን ይደረጋል? አልጋ ነው። ተቀመጥንበት።


፲፮

ቀትር ላይ፣ መንገድ መሃል፣ አልጋ ላይ። ባጃጅ መጥቶ ጡሩንባ ነፋ፣ ዓይኔን ሲያይ ዞሮ አለፈ።

«ሁለተኛውን ክፍል ለማን ልታከራዪው ነው?» አልኳት።

«ንጹሕ ሰው ካገኘሁ።»

«እኔስ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ኪራይ ትከፍያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ላንቺ እቀንሳለሁ።»

«ስንት?»

«ትንሽ» አለች።

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ አፏን በሙሉ ከፍታ። ጥርሷ ያማረ ነው፣ እስከዛሬ አላየሁትም። መንገዱ ዳር ሰው እየተጠራቀመ ነበር፣ አንድም ግን ወደ እኛ የተጠጋ የለም። እኔ አምላኬ ያውቃል፣ ያን ሰዓት ሰፈሩን በሙሉ ታዝቤ፣ እሷን ግን ከንግሥት አላሳነስኳትም። አንድም ሰው ሳትለምን ቤት ገዝታለች። ገበሬ ዘንድ ዕዳ የለባትም፣ መምህሩ ዘንድ ዕዳ የለባትም። የቀረባት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቁጠባ አይገኝም።

የይርዳው የቆርቆሮ በር ተንቋቋ።

ወጣ። ጋቢውን ደርቧል። ከኋላው ግቢው ይታያል፤ ግማሹ ላይ የሌላ ሰው ግድግዳ ቆሟል። ማንጠግቦሽ መሳቋን አቆመች፣ ግን አልተነሣችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። እሱ እሷን አየ። እኔን አየ። ከዚያ አልጋውን አየው፣ እንጨቱን፣ ማዕዘኖቹን፣ አንድ በአንድ።

መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ የእሱን እጅ ያያል።

አልጋው አራት ማዕዘን አለው። እኛ ሁለት ነን።


፲፯